የመምረጥና የመመረጥ ጉዳይ፦ የአሜሪካ የትምህርት ቤት ምርጫ ሕጎች ለወላጅና ለመምህር ምን ይዘዋል?



በሚኒሶታ፣ በኦሃዮ፣ በቴክሳስ፣ በቨርጂኒያና በሌሎችም የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ኑሯቸውን የመሠረቱ ብዙ ወገኖች እንዳሉን የታወቀ ነው። ከእነዚህ ወገኖች ጋር ስለ ልጅ አስተዳደግ በተነጋገርን ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። “መንግሥት ‘ልጅህን የፈለግከው ትምህርት ቤት አስገባ፣ ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ’ የሚል ሕግ አውጥቷል ይባላል። እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ ልጆቻችንን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥተን ኢስላማዊ ትምህርት ቤት ብናስገባ ይሻላል ወይ?” የሚል ነው። እዚህ ያለነውም ብንሆን በውጭ ላሉ ወንድም እህቶቻችን ምክር ስንሰጥ ነገሩን ከወሬ ባለፈ ማወቅ ይኖርብናል። በመሆኑም ሕጎቹ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደሚሰጡና ምን እንደሚነፍጉ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን “የመምረጥና የመመረጥ መብት” የሚባል የተለመደ አነጋገር አለ። ሁለቱ አብረው ስለሚጠሩ አንድ ይመስሉናል። በአሜሪካ የትምህርት ቤት ምርጫ ሕጎች ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። ሕጉ ለወላጅ የመምረጥ መብት ይሰጠዋል፤ ልጁ የመመረጡን ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ለትምህርት ቤቱ ይተወዋል። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ወላጅ ገንዘቡን በእጁ ይዞ በር ላይ ሊቆም ይችላል። ጠቅላላው ነገር የሚያጠነጥነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

የነገሩ አመጣጥ

በአሜሪካ አንድ ልጅ የሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚወሰነው በመኖሪያ አድራሻው ነው። የትምህርት ቤቱ በጀት ከፊሉ የሚገኘው ደግሞ በአካባቢው ቤቶችና ንብረቶች ላይ ከሚጣል ግብር ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ጥሩ ትምህርት ቤት ባለበት ሰፈር ቤት ይገዛል፤ ወይም ልጁን በግል ትምህርት ቤት ከፍሎ ያስተምራል። ይህም ምርጫ ነው። ገንዘብ የሌለው ግን ኪራይ በረከሰበት ሰፈር የሚገኘውን ትምህርት ቤት ይቀበላል። እንግዲህ የምርጫ ሕጎች ከመውጣታቸው በፊትም ምርጫ ነበረ፤ የባለገንዘብ ምርጫ ነበረ ማለት ነው።

ወላጅ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ የማስተማር መብቱ ራሱ በክርክር የተገኘ ነው። በ1922 የኦሪገን ክፍለ ግዛት ሕዝብ በድምፁ አንድ ሕግ አጸደቀ። ሕጉ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 16 የሆኑ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲማሩ የሚያስገድድ ነበር። ከሕጉ ደጋፊዎች አንዱ ኩ ክላክስ ክላን የተባለው ዘረኛ ድርጅት ሲሆን፣ ዒላማው በዋነኛነት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ከሰሰ። በ1925 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ሕጉን ሻረ፤ ልጅን የማሳደግና ትምህርቱን የመምራት ድርሻ የወላጅ መሆኑንም አረጋገጠ። ዛሬ በአሜሪካ የሚገኙ ኢስላማዊ ትምህርት ቤቶች በሕጋዊነት ቆመው የሚያስተምሩት በዚያ ውሳኔ ጥላ ሥር ነው። የሌላው ሃይማኖት ተከታይ መብት ሲነካ “እኔን ምን አገባኝ” ማለት ስሕተት መሆኑን ከዚህ መማር ይቻላል።

ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ መብቱን አረጋገጠ እንጂ ገንዘብ አልሰጠም። ገንዘቡም ልጁን ይከተለው የሚለውን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው የኢኮኖሚ ምሁሩ ሚልተን ፍሪድማን ሲሆን፣ ጊዜውም 1955 ነበር። መንግሥት ለእያንዳንዱ ወላጅ ቫውቸር፣ ማለትም ለትምህርት ብቻ የሚውል የክፍያ ሰነድ ይስጥ፤ ትምህርት ቤቶችም ተማሪ ለማግኘት ይወዳደሩ የሚል ነበር።

ሐሳቡ በሥራ ላይ ሲውል ግን ሁልጊዜ ለድሃው አልጠቀመም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን ለያይቶ ማስተማርን ከከለከለ በኋላ፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት የፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ባለሥልጣናት ልጆቹን ከማቀላቀል ይልቅ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻቸውን በሙሉ ዘጉ። የነጮች ልጆች በመንግሥት ድጎማ ጭምር ወደተቋቋመላቸው የግል ትምህርት ቤት ሄዱ። የጥቁሮቹ ልጆች ብዙዎቹ እስከ 1964 ድረስ መደበኛ ትምህርት ሳያገኙ ቀሩ። ያ ድጎማ በስሙ የወላጅ ምርጫን ማገዣ ነበር። የሚመረጥ በር ግን ለጥቁሩ ልጅ አልተከፈተለትም። እንግዲህ “ምርጫ” የሚለው ቃል ብቻውን ፍትሕን እንደማያመጣ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል።

በሌላ በኩል ደግሞ የመጀመሪያው ዘመናዊ የቫውቸር ፕሮግራም የተጀመረው በአንዲት ጥቁር እናትና የሕዝብ ተወካይ ትግል ነው። በዊስከንሲን ክፍለ ግዛት በሚልዋኪ ከተማ ፖሊ ዊልያምስ የተባሉት የዴሞክራቲክ ፓርቲ የምክር ቤት አባል የድሃ ልጆች ከደካማ ትምህርት ቤቶች መውጫ ያግኙ ብለው ተከራከሩ። ከሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ከቶሚ ቶምፕሰን ጋር ተባብረውም በ1990 ሕጉን አስወጡ። በመጀመሪያው ዓመት የተጠቀሙት 341 ልጆች ብቻ ሲሆኑ፣ የተፈቀዱትም ከሃይማኖት ነጻ የሆኑ የግል ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበሩ። በ1995 ለሃይማኖት ትምህርት ቤቶችም ተፈቀደ። ወይዘሮ ዊልያምስ ግን ፕሮግራሙ በኋላ ደህና ገቢ ወዳላቸው ቤተሰቦች ሲሰፋ “ዓላማው ይህ አልነበረም” በማለት ተቃውመዋል።

አምስቱ መንገዶች

ብዙ ሰው “የትምህርት ቤት ምርጫ ሕግ” ሲባል አንድ ሕግ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ሕግ ያወጣል፤ መንገዶቹም ቢያንስ አምስት ናቸው። የሚሰጡትም የሚነፍጉትም ስለሚለያይ ለይቶ ማወቅ ግድ ይላል።

አንደኛ፦ ክፍት ምዝገባ። ልጁ ከሰፈሩ ውጭ በሚገኝ ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲመዘገብ መፍቀድ ነው። ሚኒሶታ ይህን በ1980ዎቹ መጨረሻ በክፍለ ግዛቱ ሁሉ በሥራ በማዋል ቀዳሚ ናት። ክፍያ የለውም፤ ልጁ ያሉት መብቶች ሁሉ አብረውት ይሄዳሉ። ችግሩ ቦታና መጓጓዣ ነው። ተቀባዩ ዲስትሪክት ቦታ ከሌለው “ሞልቷል” ሊል ይችላል። ወላጅ በአብዛኛው ልጁን እስከ ተቀባዩ ዲስትሪክት ወሰን ድረስ ራሱ ማድረስ አለበት። ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ማመልከቻ የሚቀርበውም በመደበኛው እስከ ጃንዋሪ 15 ነው።

ሁለተኛ፦ ቻርተር ትምህርት ቤት። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ከዲስትሪክቱ አስተዳደር ወጥቶ በውል የሚሠራ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው ሚኒሶታ ናት፤ በ1991። የመጀመሪያው ቻርተር ትምህርት ቤትም በ1992 በሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ። አመልካቹ ከቦታው ከበዛ ተማሪ የሚለየው በዕጣ ነው። ቻርተር የመንግሥት ትምህርት ቤት በመሆኑ ሃይማኖት ሊያስተምር አይችልም።

ሦስተኛ፦ ቫውቸር። መንግሥት ለግል ትምህርት ቤት የሚከፍለው የአንድ ልጅ ክፍያ ወይም የክፍያው ከፊል ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ለሃይማኖት ትምህርት ቤትም ይሠራል።

አራተኛ፦ የትምህርት ሒሳብ። መንግሥት ገንዘቡን በልጁ ስም ያስቀምጣል፤ ወላጅ ለግል ትምህርት ቤት፣ ለመጻሕፍት፣ ለአስጠኚ ወይም ልጁን ቤት ውስጥ ለማስተማር ያውለዋል። አሪዞና በ2011 የአካል ጉዳት ወይም ሌላ ልዩ ችግር ላለባቸው ልጆች ጀመረችው፤ በ2022 ደግሞ የገቢ ገደብ ሳይደረግ ለሁሉም ተማሪ ከፈተችው። ቴክሳስ በ2025 ባወጣችው ሕግ 1 ቢሊዮን ዶላር መድባለች፤ ጅማሬውም የ2026 የትምህርት ዘመን እንዲሆን ተወስኗል።

አምስተኛ፦ የግብር ቅናሽ። ግብር ከፋዩ ለነጻ ትምህርት ዕድል ድርጅት ሲለግስ ከግብሩ ይቀነስለታል፤ ድርጅቱም ገንዘቡን ለተማሪዎች ያከፋፍላል። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ አንድ ግብር ከፋይ እስከ 1,700 ዶላር እንዲቀነስለት ይፈቅዳል። በፕሮግራሙ መግባት ወይም አለመግባት ግን የየክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ነው።

ፍርድ ቤቶች ምን አሉ?

“የመንግሥት ገንዘብ እንዴት ለሃይማኖት ትምህርት ቤት ይውላል?” የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በ2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦሃዮ የክሊቭላንድ ከተማ ቫውቸር ላይ በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደ። ወላጁ በራሱ ነጻ ፈቃድ እስከመረጠ ድረስ፣ ገንዘቡ ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ቢሄድ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። በ2020 በሞንታና፣ በ2022 ደግሞ በሜይን ጉዳይ ከዚህ አልፎ ሄደ። ክፍለ ግዛቱ ለግል ትምህርት ቤቶች ድጋፍ ካደረገ የሃይማኖቶቹን ሃይማኖታዊ በመሆናቸው ብቻ ሊያገላቸው አይችልም ሲል ወሰነ። መንግሥት ለክርስቲያኑ ትምህርት ቤት የከፈተውን በር በኢስላማዊው ፊት ሊዘጋ አይችልም ማለት ነው። ይህ ትልቅ መብት ነው።

ቻርተር ላይ ግን ድንበሩ አልፈረሰም። በኦክላሆማ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚመራ ቻርተር ትምህርት ቤት ለመክፈት ተሞክሮ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ከለከለ። ጉዳዩ ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ በሜይ 2025 ዳኞቹ 4 ለ4 በመከፈላቸው ክልከላው እንዳለ ጸና።

በዚህ ረገድ የእኛው ወገኖች የቀመሱት ትምህርት አለ። በሚኒሶታ በ2003 የተከፈተው ጣሪቅ ኢብን ዚያድ አካዳሚ ቻርተር ትምህርት ቤት ነበር። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የሶማሌ ስደተኞች ልጆች ሲሆኑ፣ በፈተና ውጤታቸውም ተመስግነው ነበር። በ2009 አንድ የሲቪል መብት ድርጅት “በመንግሥት ገንዘብ ሃይማኖት ይስፋፋል” ሲል ከሰሰ፤ ትምህርት ቤቱም ክሱን አስተባበለ። በዚሁ ዓመት ክፍለ ግዛቱ የቻርተር ሕጉን በመለወጡ ከክፍለ ግዛቱ ውጭ የሚገኝ ድርጅት ፈቃድ ሰጪና ተቆጣጣሪ መሆን አልቻለም። አካዳሚው ሌላ ፈቃድ ሰጪ ሳያገኝ በ2011 ተዘጋ። የተማሪ ቤተሰቦች ለአዲሱ ዓመት ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ተበተኑ። ክሱ ትክክል ነው ወይም አይደለም የሚለውን ለጊዜው እንተወው። ወላጅ ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገር፣ ቻርተር ትምህርት ቤት ለሙስሊም ልጅ ምቹ ሊሆን ቢችልም ኢስላማዊ ትምህርት ቤት ሊሆን እንደማይችል ነው። ይህንን ሸፋፍኖ የሚያልፍ አስተዳደር የልጆቹን ቦታ አደጋ ላይ ይጥላል።

ለወላጅ ምን ይዟል?

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። አንድ የታክሲ ሾፌር ወይም የመጋዘን ሠራተኛ ወንድማችን ቫውቸር ተፈቀደለት እንበል። ምን አገኘ?

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የትምህርት ቤቱ ክፍያ በዓመት 10 ሺህ ዶላር፣ ቫውቸሩ ደግሞ 6 ሺህ ዶላር ነው ብለን እንውሰድ። ሦስት ልጆች ላሉት አባት የሚቀርበት ዕዳ 12 ሺህ ዶላር ነው። የደንብ ልብስ፣ ምሳና መጓጓዣ ገና አልተነሱም። ይህ ሰው የመምረጥ መብት አለው፤ አቅም ግን የለውም። ቀድሞ ልጆቹን በግል ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ጎረቤቱ በአንጻሩ ያንኑ ቫውቸር ተቀብሎ ወጪውን ያቀላል። ስለዚህ ገንዘቡ ለሁሉም እኩል ቢታደልም ጥቅሙ እኩል አይደርስም።

ሁለተኛው የመግቢያ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የሕጉ ዝርዝር ወሳኝ ነው። በሚልዋኪው ፕሮግራም ትምህርት ቤቱ አመልካች ከበዛበት በዕጣ እንዲቀበል፣ እስከ 8ኛ ክፍል ላለ ተማሪ ከቫውቸሩ በላይ የትምህርት ክፍያ እንዳይጠይቅ፣ ወላጅ ካልፈለገም ልጁን ከሃይማኖት ትምህርት ነጻ እንዲያደርግ ሕጉ ያዛል። በኦሃዮ ገቢው ከድህነት ወለል ሁለት እጥፍ ለማይበልጥ ቤተሰብ ከቫውቸሩ በላይ ክፍያ መጠየቅ የተከለከለ ቢሆንም፣ ትምህርት ቤቱ በራሱ የመግቢያ መስፈርት ልጁን ላይቀበለው ይችላል። በአሪዞናም የግል ትምህርት ቤቶች ተማሪ የመምረጥ ነጻነታቸው እንደተጠበቀ ነው። በፈተና ውጤት፣ በጠባይ፣ በቋንቋ ችሎታ ልጁ ሊመለስ ይችላል። ከአገር ቤት በቅርቡ የገባና እንግሊዝኛው ገና ያልተስተካከለ ልጅ ከማን በፊት ይመለሳል ትላላችሁ?

ሦስተኛውና ብዙዎች የማያውቁት የአካል ጉዳት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም የመማር ችግር ያለበት ልጅ ጉዳይ ነው። ከ1975 ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለው ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት ነጻና ለእርሱ የሚስማማ ትምህርት የማግኘት መብት አለው። ለእርሱ ብቻ የሚዘጋጅ ዕቅድ፣ የንግግር ሕክምና፣ ረዳት አስተማሪ ሁሉ በነጻ ይሰጡታል፤ ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ወላጅ ሊከስ ይችላል። ወላጁ ልጁን በራሱ ፈቃድ ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲያዛውር ግን ይህ የግል መብት አብሮት አይሄድም። በአንዳንድ ፕሮግራሞች ወላጅ ቫውቸሩን ሲቀበል ይህን መብት መተዉን በፊርማው ያረጋግጣል። ቅጹን ሳያነብ የፈረመ ወላጅ ምን እንደሰጠ የሚያውቀው ልጁ ድጋፍ ሲያስፈልገው ነው።

አራተኛው የትምህርት ጥራት ነው። በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። በዋሽንግተን ዲሲ ቫውቸር ያገኙ ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃን የማጠናቀቅ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታይቷል። በሉዊዚያና ግን ቫውቸር ወስደው የግል ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች በሒሳብ ውጤታቸው በጉልህ ወርዶ ተገኝቷል። በቦስተን ከተማ ያሉ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ለድሃ ልጆች ከፍተኛ ውጤት ሲያስገኙ፣ በሌላ ቦታ ያሉ ቻርተሮች ደግሞ ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። “የግል” ወይም “ቻርተር” የሚለው ስም ዋስትና አይሆንም ማለት ነው። ዋስትናው የዚያ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች፣ አስተዳደርና ገንዘብ አያያዝ ነው።

ለመምህራን ምን ይዟል?

ስለ ምርጫ ሲወራ መምህሩ ይረሳል። የቻርተርን ሐሳብ በአገር ደረጃ ካስተዋወቁት አንዱ ግን የመምህራን ማኅበር መሪው አልበርት ሻንከር ነበሩ። በ1988 ባደረጉት ንግግር መምህራን ከቢሮክራሲ ተላቀው አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ የሚሞክሩባቸው ትምህርት ቤቶች ይቋቋሙ ብለው ነበር። የሚኒሶታ የመጀመሪያ ሕግም በቻርተሩ የአስተዳደር ቦርድ ውስጥ መምህራን አብላጫውን ቦታ እንዲይዙ ያዝ ነበር። ይህ ግዴታ በ2009 ተነሳ። ሻንከርም እንቅስቃሴው ወደ ንግድ ማዘንበሉን ሲያዩ በኋላ ተቃዋሚ ሆነዋል።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለው መምህር የሚያነሳው ቅሬታ ሊደመጥ የሚገባው ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት 20 ልጆች ቢለቁ ገንዘባቸው ይከተላቸዋል። ልጆቹ ግን ከአንድ ክፍል የወጡ አይደሉም፤ ከየክፍሉ አንድ ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ አስተማሪ፣ አውቶቡስና የማሞቂያ ወጪ አይቀነስም። ጉድለቱ የሚሸፈነው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛን፣ ነርስን ወይም የእንግሊዝኛ ደጋፊ አስተማሪን በመቀነስ ነው። በዚያ የቀሩት ልጆች ደግሞ በአብዛኛው ወላጆቻቸው መረጃ ያልደረሳቸው፣ መኪና የሌላቸው ወይም ሌላ ቦታ ያልተቀበላቸው ናቸው። ብዙዎቹ የሙስሊም ልጆችም ዛሬ የሚገኙት በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ውስጥ መሆኑን አንርሳ።

በግል ትምህርት ቤት ያለው መምህርም የራሱ ጭንቀት አለበት። ደመወዙ በአብዛኛው ከመንግሥቱ ያነሰ ነው። ማኅበርና ጡረታ የሌለው ብዙ ነው፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶችም የሙያ ፈቃድ እንዲኖረው አይጠየቅም። አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈለው መምህር የተሻለ ሲያገኝ በዓመቱ አጋማሽ ይለቃል፤ የሚጎዳውም ልጁ ነው። ቫውቸር የሚቀበል ትምህርት ቤት ገንዘቡ ሲጨምርለት የመጀመሪያው ጥያቄ “ለመምህራን ምን ተጨመረ?” መሆን አለበት።

የእኛ ድርሻ

በዚህ ጉዳይ ሁለት ጎራዎች አሉ። አንደኛው “ገበያው ሁሉን ያስተካክላል፤ መጥፎው ትምህርት ቤት ይዘጋል” ይላል። እውነት ነው፣ ይዘጋሉ። የሚልዋኪን ፕሮግራም ያጠኑ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 2015 ቫውቸር ከተቀበሉት የግል ትምህርት ቤቶች ከመቶው 41 ያህሉ ፈርሰው እንዳገኟቸው ጽፈዋል። ሱቅ ሲዘጋ ደንበኛው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን የልጅ ሦስተኛ ክፍል ሁለተኛ ጊዜ አይመጣም። ሁለተኛው ጎራ “ምርጫ የመንግሥትን ትምህርት ቤት ስለሚያዳክም ጨርሶ ይቅር” ይላል። ለዚህም መልስ አለ። ልጇ በተበላሸ ትምህርት ቤት የሚማር እናት ሥርዓቱ በአሥር ዓመት እስኪስተካከል እንድትጠብቅ መጠየቅ ግፍ ነው። ባለገንዘቡ አይጠብቅም፤ እርሷ ብቻ ለምን ትጠብቅ?

በእኔ አስተያየት ሚዛኑ ቀላል ነው። የሕዝብን ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሕዝቡን የመቀበል ግዴታም ይኑርበት። በዕጣ ይቀበል፤ ከድሃው ላይ ጭማሪ አይጠይቅ፤ ሒሳቡን ያስመርምር፤ ውጤቱን ለወላጅ ይግለጽ፤ ልዩ ድጋፍ የሚሻውን ልጅ አይመልስ። እነዚህ የተሟሉበት ሕግ የመምረጥ መብትን ከመመረጥ ጋር ያገናኛል። ያልተሟሉበት ግን ቀድሞ ለነበረው የባለገንዘብ ምርጫ ድጎማ ከመሆን አያልፍም። መራጩ ሕዝብም ይህን የተገነዘበ ይመስላል፤ በኖቬምበር 2024 በኬንታኪ፣ በነብራስካና በኮሎራዶ ለሕዝብ ውሳኔ የቀረቡት የምርጫ ፕሮግራሞች ድጋፍ ሳያገኙ ቀርተዋል። በኦሃዮም በ2025 አንዲት ዳኛ የክፍለ ግዛቱ ቫውቸር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈርደዋል፤ ይግባኙ እስኪታይ ግን ፕሮግራሙ እንዲቀጥል ፈቅደዋል። ስለዚህ ዛሬ ያለ ገንዘብ ነገ ላይኖር እንደሚችል አስቦ መነሳት ብልህነት ነው።

ይህን ሚዛን በመጀመሪያ በራሳችን ላይ እናድርገው። ኢስላማዊ ትምህርት ቤት ከፍተው ለዓመታት በሰደቃና በድካም ያቆዩ ወገኖች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የመንግሥት ገንዘብ ሲመጣ አማናው ይከብዳል። የዶክተሩን ልጅ ተቀብሎ የጽዳት ሠራተኛዋን ልጅ “ፈተናውን አላለፈም” ብሎ የሚመልስ፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ “አቅም የለንም” የሚል፣ የመምህራኑን ደመወዝ በወር መጨረሻ የማይከፍል ትምህርት ቤት ስሙ ኢስላማዊ መሆኑ ከተጠያቂነት አያድነውም። ዱንያ ላይ ኦዲተሩ ባያገኘው እንኳ አላህ ዘንድ ሒሳብ አለ።

ከመፈረም በፊት

ለጠየቁኝ ሁሉ የምመልሰው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው፤ መልሶቹን በጽሑፍ እንዲቀበሉም እመክራለሁ።

1. የቀረበልን ከአምስቱ መንገዶች የትኛው ነው? ገንዘቡስ ስንት ዓመት ይቆያል?
2. ከቫውቸሩ በኋላ ከኪሴ የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ ስንት ነው?
3. ትምህርት ቤቱ ልጄን ላለመቀበል ወይም በዓመቱ አጋማሽ ለማስወጣት ምን ምን ምክንያት ያቀርባል? ከወጣ የቀረው ገንዘብ ለማን ነው?
4. ልጄ ልዩ ድጋፍ ቢያስፈልገው የትኛውን መብት እተዋለሁ?
5. መምህራኑ ምን የሙያ ፈቃድ አላቸው? አምና ከነበሩት ስንቶቹ ዘንድሮም አሉ?
6. ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ልጄ የት ይገባል?

በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲቆዩ የወሰኑ ወላጆችም ኃጢአት እንደሠሩ አይሰማቸው። ተማሪ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ በግሉ የመስገድ መብት አለው፤ በወላጆች ስብሰባ መገኘት፣ ለትምህርት ቦርድ ምርጫ ድምፅ መስጠትና መወዳደርም ለዜጋ ሁሉ የተከፈተ ነው። ዲኑን ደግሞ በቤት፣ በመስጊድና በቅዳሜና እሑድ መድረሳ ማስተማር ይቻላል። ኢስላማዊ ትምህርት ቤት ማስገባትም ቢሆን ወላጅን ከተርቢያ ኃላፊነት አያወርደውም።

የአንድ የምርጫ ሕግ ደግነት የሚመዘነው ጎበዙ ልጅ በገባበት ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ሦስት ትምህርት ቤት አንኳኩቶ የተመለሰው ልጅ አራተኛው በር በሕግ ተከፍቶ ሲጠብቀው ያኔ ነው ምርጫ የሚባለው። አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይለግስልን፤ አሚን።

ወላሁ አዕለም።